የዘለልኩት ዓምድ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1954 ዓ.ም.

አጨበጨቡልኝ። ክፍሉ በሙሉ፣ ያውም ቆመው። ህንዳዊው የሳይንስ መምህራችን ሚስተር ማቲው ወረቀቴን ከፍ አድርገው ይዘው፣ በዚያ በአማርኛቸው «ይሄ ልጅ ሰማይ ቆጠረ!» አሉ። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። ሥራው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አናቱ ላይ በትልቁ ስሜ ይጻፋል።

ሥራው የእኔ አይደለም። የእህቴ የዘሃራ ነው። ዘሃራ ከሞተች ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኗ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። በአፌ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ተሾመ ከኋላዬ «አንተ ፕሮፌሰር፣ የጎረቤት በግ መቁጠር አቅቶህ ጋላክሲ ትቆጥራለህ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማክሰኞ

ነገሩን እንደ ሆነው ልጻፈው። ካልጻፍኩት ቀስ በቀስ ለራሴም እዋሻለሁ።

በመስከረም ሚስተር ማቲው ከውጭ አገር መጽሔት የገለበጡትን ሠንጠረዥ ሰጡኝ። ስልሳ ጋላክሲዎች። ጋላክሲ ማለት፣ እሳቸው እንዳሉት፣ የከዋክብት አገር ነው። በእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ቁጥር አለ፦ ከዚህ ሲታይ ምን ያህል እንደሚደምቅና ብርሃኑ ምን ያህል ወደ ቀይ እንዳደላ። ቅላቱ በጨመረ ቁጥር ጋላክሲው በፍጥነት ይሸሸናል፤ በፍጥነት የሚሸሸው ደግሞ ሩቁ ነው። ስለዚህ ከቅላቱ ርቀቱ ይገኛል። ርቀቱ ከታወቀ እውነተኛው ድምቀት ይሰላል። ከዚያ በኋላ መደርደር ነው፤ በጣም ደማቁ ስንት፣ መካከለኛው ስንት፣ ደብዛዛው ስንት።

እኔ ሦስቱን ሠርቼ ሰለቸኝ። የቀረውን ዘሃራ ሠራችው። ስድስተኛ ክፍልን ስትጨርስ አባባ «በቃ፣ እናቷን ትርዳ» ብለው ካስቀሯት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ባቄላ እየፈለፈለች፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታሰላለች። የአባባ ኮቴ ሲሰማ ደብተሩን ታቀብለኛለች፤ እኔም እርሳሱን ይዤ ግንባሬን እቋጥራለሁ። አባባ «አይዞህ ልጄ፣ በርታ» ይሉኛል። እሷ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች።

ከዚያ ተስቦ ያዛት። ዘጠኝ ቀን ብቻ።

እናቴ ልብሷን ለሰደቃ ስትሰበስብ፣ እኔ ደብተሯን በእጄ ጽሕፈት ገልብጬ ጨርሼ ነበር። ዋናውን ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ጽሕፈቷን ሰው እንዳያይ።

ረቡዕ

አባባ ስንዴ ሊገዙ ኢተያ ሄደዋል። ሚስተር ማቲው በዕረፍት ሰዓት ጠሩኝ።

«አንተ ሥራ ቆንጆ። ግን አንድ ጥያቄ አለ። ለምን ደብዛዛ ትንሽ? ሰማይ ደማቅ ብቻ ይወዳል?»

ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ።

«አስብ። ነገ ንገረኝ።»

ማሰብ አላስፈለገኝም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። በዘሃራ ደብተር መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነበር። በአንዳንዱ ጋላክሲ ጎን ስምንት፣ በአንዳንዱ ሺህ ብላ ጽፋለች። በዚያ ሰሞን ከአክስታችን ቤት፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ሲመሻሽ ስንወርድ ከተማው ከታች ታየን።

«ስንት መብራት ታያለህ?» አለችኝ።

«አሥር ያህል። ሁሉም ደማቅ የማሾ ፋኖስ ነው።»

«ታዲያ አሰላ ውስጥ ኩራዝ የሚያበራ የለም? የእኛ ቤት የታለ?»

የእኛ ኩራዝ ከዚያ አይታይም።

«አየህ ደደቡ፣ ማሾው ከሩቅም ይታያል፣ ኩራዙ ግን ከቅርብ ብቻ ነው። አንድ ኩራዝ ካየህ፣ ያላየሃቸው ስንት እንደ ሆኑ አስብ።»

ጋላክሲውም እንደዚሁ ነው። አንድ ደብዛዛ ጋላክሲ ደማቁ ከሚታይበት ርቀት በአሥረኛው ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ በወርድ አሥር፣ በቁመት አሥር፣ በጥልቀት አሥር፤ የሚታይበት ቦታ በሺህ እጅ ያንሳል። ስለዚህ እሱን አንዱን እንደ ሺህ መቁጠር ነው።

ስገለብጥ ያንን ዓምድ ዘለልኩት። ያልታየ ጋላክሲ መቁጠር ማጭበርበር መሰለኝ። ማጭበርበር! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ

ዓምዱን እንደገና ለመሥራት ተቀመጥኩ። አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። እሷ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር የምትሠራው። ሳለቅስ እናቴ ሰማችና የዘሃራ ናፍቆት መሰላት፤ መጥታ ራሴን ደባበሰችኝ። ያ ከሁሉ የባሰ ነበር።

ስጨርስ ደብዛዞቹ ደማቆቹን እጅግ በለጧቸው። ወረቀቱን ይዤ ሚስተር ማቲው ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ ጉድጓዱም ጭምር። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ስም እኔ አልቀይርም» አሉ። «ቦታው ባዶ ይሆናል። አባት ቅዳሜ ይመጣል? አንተ ለአባት ንገር። ከዚያ ስም ይጻፋል።»

ዓርብ

አባባ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ምሳ ላይ፣ ከዚያም በራፍ ላይ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ዋጥኩት። ከትምህርት ቤት ያስቀሯት እሳቸው ናቸው። አሁን ብነግራቸው በሐዘናቸው ላይ ጥፋት መጨመር አይሆንም? ነው ወይስ ለእሳቸው ያዘንኩ እያስመሰልኩ ራሴን እየደበቅሁ ነው?

ሁለተኛው ይመስለኛል።

ቅዳሜ

አባባ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡ። ለሰው ሁሉ ሰላምታ እየሰጡ ግድግዳው ጋ ደረሱ። «የትኛው ነው ያንተ?»

«የእኔ የለም አባባ። ይሄ ዘሃራ የሠራችው ነው። የእኔ ነው ብዬ ዋሽቼ ነበር።»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «መቼ ሠራችው?» አሉ።

«እርስዎ ሲወጡ።»

«እኔ ስገባስ፣ እርሳሱን የምትይዘው አንተ?»

«አዎ።»

«በርታ ስልህ እሷ ትሰማ ነበር?»

«አጠገቤ ነበረች።»

ተሾመ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ምንም አልቀለደም፤ ፈቀቅ አለልን።

አባባ ባዶውን ቦታ አዩ፤ ከሚስተር ማቲው ላይ ብዕር ተቀበሉ። የአማርኛ ፊደል አያውቁም፤ የቁርአኑን ነው የሚያውቁት። ከቀኝ ወደ ግራ ስሟን ጻፉ። ቀለሙ ትንሽ ፈሰሰ። ሚስተር ማቲው ፊደሉን አላነበቡትም፤ ራሳቸውን ግን ዝቅ አደረጉ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንድ ጊዜም ዞረው አላዩኝም። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለእናቴ ማን እንደሚነግራት አልተነጋገርንም። በራፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ነገ ያንን ቁጥር ታስረዳኛለህ» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ጀምረህ። እሷ ለአንተ እንዳስረዳችህ አድርገህ።»

እንደ እሷ አልችልም። እሺ አልኳቸው።