የኤልውድ ቴሌቪዥን ይቀድማል

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 8

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኳስ፣ ያው በእጅ ወርውረው መስመር የሚያስገቡት የአሜሪካኑ። እኔ ሳሎን፣ ኤልውድ ወጥ ቤት... እንደ ወትሮው። ይህን ሁሉ ዘመን በትዳር አብረን፣ ኳስ ስናይ ግን ለየብቻ።

የሳሎኑ ቴሌቪዥን ከኬብል ድርጅቱ በተከራየሁት ሪሲቨር ነው የሚሠራው። የወጥ ቤቱ ትንሹ ግን ጣቢያ የሚስበው በራሱ ነው፤ ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰክቶ መክፈት ብቻ። የኪራዩ ደግሞ ትንሽ ይዘገያል። እኔ ጋ ተጫዋቾቹ ገና ተሰልፈው ሳለ ከወጥ ቤት «ገባች!» ይላል። ዛሬም አናደደኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ አታስጨርሰኝም?» አልኩት። ሳቀ።

ለራሴ ግን እውነቱን ልጻፍ... በገና በዓል ሰሞን ስትሮክ ከመታው ወዲህ፣ ሳይደናቀፍ የሚወጣለት ቃል ይቺው «ገባች» ናት።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 19

ከኬብል ድርጅቱ መልእክት መጣ። ከሰኞ ጀምሮ ያለ ሪሲቨር አንድም ጣቢያ አይታይም። ደወልኩ።

«ቴሌቪዥኑ እኮ አልተበላሸም፣ ልጄ።»

«አልተበላሸም፣ እመቤቴ። ጣቢያዎቹ ናቸው የተቆለፉት። ለወጥ ቤቱም አንድ እንልክልዎታለን።»

ኤልውድ ጤነኛ ሳለ፣ የሳሎኑን ስከራይ ምን ነበር ያለኝ? «ዐይን ላለው ሰው መሪ ትቀጥሪያለሽ?»

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 25

ሪሲቨሩ መጣ። አሁን ሪሞቱ ሁለት ሆነ። ልጃችን ዳርሊን ባለቀለም ፕላስተር ለጠፈችባቸው። «አባዬ፣ ቀዩ መክፈቻ፣ አረንጓዴው መቀየሪያ።»

በደህናው እጁ አንዱን ተጫነ... ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ሌላውን ተጫነ... ጠፋ። ሁለቱንም ማንኪያ መሳቢያው ውስጥ ቀስ አድርጎ አስቀመጣቸውና ዘጋው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 29

ሳሎን አመጣሁት። ብርድ ልብስ ደረብኩለት፣ የሚወደውን የባቄላ ሾርባ ሠራሁለት። ቡድናችን አሸነፈ። ስጮህ የነበርኩት እኔ ብቻ።

«ምነው፣ የኔ ጌታ?»

መጀመሪያ ወደ ዐይኔ፣ ቀጥሎ ወደ ዐይኑ ጠቆመ። ሁለት ጣቶቹን አጋጠመ። «እ... እኩል» አለ በስንት ጣር።

እኩል አየን ማለቱ ነው። ለካ ደስታው ኳሱ አልነበረም... ቀድሞ ለእኔ መንገሩ ነበር። አሁን ምን ይንገረኝ? መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

ዳርሊን መጥታ ጣራውን አንጋጣ አየች። «እማዬ፣ ያ አንቴና ይሠራል?»

አማቴ የተከሉት ነው፣ ዝጓል። ኤልውድን ስንት ዓመት ነዘነዝኩት... «ይቺን የወፍ ማረፊያ አውርድልኝ!» እንኳንም አልሰማኝ። ድርጅቱ የቆለፈው የራሱን ገመድ ነው፤ ሰማዩን ማን ይቆልፋል? የወጥ ቤቱ ቴሌቪዥን ደግሞ ከአየርም በራሱ ይስባል።

ዳርሊን ጣራ ላይ፣ እሱ ግቢው ውስጥ በአንድ እጁ እያዘዘ። ወደ ግራ... ትንሽ... በቃ። አዲስ ሽቦ በመስኮት አስገባን። ጣቢያው እንደ ድሮው ብዙ አይደለም፤ የእሑዱ ኳስ ግን አለ። ኤልውድ ስክሪኑን በእጅጌው ወለወለው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

እኔ ሳሎን፣ እሱ ወጥ ቤት። እየተመራን ሰዓቱ ሊያልቅ ሆነ። የቀረችን አንዲት ሙከራ ብቻ። የእኔን ድምፅ አጠፋሁና ጆሮዬን ወደ ወጥ ቤቱ አዞርኩ። ምነው ዘገየ? ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ...

«ሎሬታ» አለ።

ስሜን። ከገና ወዲህ አንድ ቀን ጠርቶኝ አያውቅም።

«ሎሬታ... ገባች!»

እኔ ጋ ኳሱ ገና አልተወረወረም ነበር።