ባቄላ ለከለከሉት የሬዲዮ ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ፣ ስለ አንጀታችን ጉዳይ

ለተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን፤

እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎም፣ ለመላው ቤተሰብዎም፣ በተለይ ደግሞ ለትልቁ አንጀትዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ቢሮዎን ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም፤ ጸሐፊዎ "ጉዳይሽ ምንድን ነው?" ስትለኝ "የሆድ ድርቀት" ብዬ በመመለሴ እስካሁን ቀጠሮ ስላልተሰጠኝ ነው። እኔ በተከታታይ ድራማችን ላይ በሽተኛዋን እናት ሆኜ የምተውነው ባልደረባዎ ነኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመጀመሪያው ልንገረው። አንድ ከሰዓት በኋላ የእናትየዋን የመጨረሻ ትንፋሽ ስንቀርጽ እርስዎ ስቱዲዮ ጎራ አሉ። ልጄን የሚተውነው ባልደረባችን እጄን ይዞ ያለቅሳል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ልክ ነፍሴ ልትወጣ ስትል ሆዴ ከላይ እስከ ታች እየተንከባለለ ጮኸ። ልጄ ለቅሶውን ትቶ በሳቅ ፈረሰ፤ "ጆሮ" የምንለው ድምፅ ቀራጫችንም ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ሞቴም ለሌላ ቀን ተላለፈ። እርስዎ ግን አልሳቁም። "ምሳ ምን በላሽ?" አሉኝ። "ባቄላ" አልኩ። በማግስቱ የካፍቴሪያው በር ላይ ባቄላ፣ ምስር፣ አጃና ካሮት "የሥርጭት ጥራትን ስለሚያውኩ" መከልከላቸውን፣ በምትካቸውም ነጭ ዳቦ፣ ማኮሮኒና ብስኩት እንደሚቀርብ የሚገልጽ፣ በክብር ማኅተምዎ ያሸበረቀ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ካሮት መቼና የት እንደጮኸ ግን እስከ ዛሬ የሰማ የለም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጸጥታው እናመሰግናለን። ሆዳችን ዝም አለ፤ አንጀታችንም ዝም አለ፤ ውሎ አድሮማ ጭራሽ ሥራ አቆመ። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ሆነ፤ የገባ አይወጣም፣ የወጣም ፊቱ አልፈካም። የሠርጉን ትዕይንት በቀረጽንበት ቀን ሙሽራው ልጄ ከዚያው ሳይመለስ ስለቀረ፣ ሙሽሪት "አዎ፣ ወድጄዋለሁ" ያለችው ለባዶ ወንበር ነው። ሄጄ በሩን ባንኳኳ "እባክዎ እናቴ፣ ሠርጉን ተዉትና ለእኔ ጸልዩልኝ" የሚል የተጨነቀ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

፪. ስለ ትምህርቱም እናመሰግናለን፤ ያለ እርስዎ ማስታወቂያ ታናሽ እህቴን ምንም ባልጠየቅኳት ነበር። እህቴ ክሊኒክ ውስጥ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ ጉዳችንን ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ከሳቀች በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ "እትዬ፣ ባቄላና አጃ ውስጥ ውሃ ሲያገኝ የሚሟሟና የሚዝለገለግ አሰር፣ ፋይበር የሚሉት፣ አለ። እኛ አንፈጨውም፤ ትልቁ አንጀት ውስጥ ለሚኖሩት ባክቴሪያዎች ግን ምሳቸው ነው። እሱን በልተው የሚሠሩት አሲድ የአንጀትሽን ግድግዳ ይመግባል። እዚያ ግድግዳ አጠገብ ደግሞ እጅግ ብዙ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ሰፍረዋል፤ መቼ መቆጣት፣ መቼ መረጋጋት እንዳለባቸው ከሚጠቁሟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው አሲድ ነው።"

"ባክቴሪያዎቹ ጦማቸውን ካደሩስ?" አልኳት።

"በአይጦች ላይ እንደታየው፣ አንዳንዶቹ ግድግዳውን የሸፈነውን ልጋግ መብላት ይጀምራሉ። የእናንተን ሥራ አስኪያጅ አንጀት ግን አላየሁትም።"

ያን ሰሞን ግማሻችን ጉንፋን ይዞን ስለነበር እሱንም በእርስዎ ላይ ለማላከክ ቸኩዬ ነበር፤ እህቴ ግን "ኧረ አታጋኚ፣ ጉንፋኑን ያመጣው ቫይረስ ነው" ብላ ስለገሠጸችኝ ጉንፋኑን ከክሱ ላይ በክብር አንስቼልዎታለሁ። ስለ ሆዴ ጩኸት ስጠይቃትም ያልለመደ ሆድ በአንዴ ሲሞላ ጋዝ እንደሚበዛበት፣ መፍትሔውም መከልከል ሳይሆን ቀስ በቀስ መጨመርና ውሃ መጠጣት እንደሆነ ነገረችኝ።

፫. ከሁሉ በላይ ስለ እማማ ጭልፋ እናመሰግናለን። የካፍቴሪያችን ወጥ ቤት እማማ ጭልፋ የእህቴን ወሬ ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው "እነዚያን ምስኪኖች በራብ ልንጨርሳቸው ነዋ!" አሉ። ከማግስቱ ጀምረው የተፈጨ ምስር የማኮሮኒው ስጎ ውስጥ፣ መጀመሪያ በማንኪያ፣ ኋላ በጭልፋ፣ ይደብቁልን ጀመር፤ በየጠረጴዛውም የውሃ ጆግ አስቀመጡ። ሰልፉ ተበተነ፤ ሙሽራው ተመልሶ በሰላም ተዳረ፤ ስቱዲዮ ውስጥም ከጽሑፉ ውጪ የሚጮህ ነገር ጠፋ። እርስዎም ሁለት ጊዜ አስጨምረው "ይህ ስጎ አንጀቴን አራሰው!" ሲሉ በሁላችን ፊት መስክረዋል፤ ደረጃውን እያፏጩ ሲወርዱም ታይተዋል። ከዚያ አንድ ቀን ሊያመሰግኗቸው ወጥ ቤት ገቡ፤ ድስቱን ከፈቱ፤ ምስሩን አዩ፤ ከሥራ አግደዋቸው ወጡ።

ለማመስገን ገብቶ አግዶ መውጣት ለሌላው የሚከብድ ሲሆን ለእርስዎ እንዴት ቀላል እንደሆነ ስናደንቅ ከርመናል።

፬. አሁን ያለንበትን ላሳውቅዎ። እማማ ጭልፋ ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ሁላችንም በምሳ ሰዓት እዚያ ነን፤ ግቢያቸው ውስጥ በተገለበጠ ባልዲና በድንጋይ ላይ ተቀምጠን ባቄላችንን ይዘን፣ ጆሮ የአለቆችን ድምፅ እያስመሰለ፣ ጥርስ የማያስከድን ምሳ እንበላለን። ካፍቴሪያው ውስጥ የቀረው ብስኩቱ ብቻ ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ማስታወቂያው ይነሣ፣ እማማ ጭልፋም ወደ ሥራቸው ይመለሱ። እኔም በበኩሌ እሳቸው እስኪመለሱ ድረስ አልሞትም። ደራሲያችን ተስማምቷል፤ ባለፈው ክፍል ድንገት ተሽሎኝ ከአልጋ ተነሥቻለሁ፣ ትናንት ደግሞ ጨፍሬያለሁ። አድማጮች በደስታ እየደወሉ ነው፤ ድራማው በዕቅድዎ መሠረት በቅርቡ ማለቅ ካለበት የእኔ ሞት በእጅዎ ነው።

ሆደ ሰፊነትዎን ተማምኜ፣ ከወገቤ እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ፣ ይህንንም ያለ ሕመም ለማድረግ በመቻሌ እየተደሰትኩ፣ ከተረጋጋ አንጀት በሚመነጭ ጥልቅ አክብሮት፣

አልሞት ያለችው እናት

ማሳሰቢያ፦ ሾፌርዎ ሰሞኑን በየቀኑ ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ይዞ እማማ ጭልፋ ቤት ብቅ ይላል። "ለራሴ ነው" ይላል፤ ነገር ግን እሱ ምስር የሚባል ነገር ሽታውን እንኳ ስለማይወድ እኛው ዘንድ ተቀምጦ ዳቦውን በሻይ ይበላል። እማማ ጭልፋ ምንም አልጠየቁትም፤ ትናንት ብቻ "ለአለቃህ ጨው ቀነስ አድርጌላቸዋለሁ፤ ውሃም ይጠጡ በላቸው" ብለው ሞልተው ሰጡት። እባክዎ፣ ባዶውን ሲመልሱ እንኳ ታጥቦ ይመለስላቸው።