የሚዋጥ መድኃኒት ለቆዳ ምን ያደርጋል ላሉት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የመድኃኒት ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ቆዳዎም እንደ ፊርማዎ ያማረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ የቆዳዎን ነገር ያነሳሁት እርስዎ በሚመሩት ኮሚቴ እጅ እንዳይወድቅ ስለምሳሳልዎ ነው።

እኔ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ነኝ። ምናልባት ካስታወሱት፣ ባለቤቴ ቆዳ ላይ የሚወጣ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር አለበት። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ሰውነቱን ሊጠብቁ የተፈጠሩት ነጭ የደም ሴሎች ተበላሽተው ቆዳው ውስጥ ሰፍረዋል። ቅባቱም የብርሃን ሕክምናውም ለጊዜው ረድተውት ነበር፤ አሁን ግን ቀዩ ሽፍታ ወደ እብጠት ተቀይሯል፣ ብብቱ ሥርም ንፍፊት ወጥቷል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚዋጥ እንክብል አዘዘለት፤ እንክብሉ እንዲሰጠው ደግሞ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል። እርስዎም በሽታው የቆዳ ስለሆነ ሕክምናው ቅባት ነው ብለው መለሱን።

ለዚህ ጥልቅ ምርምርዎ ምስጋናዬን በዝርዝር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሰው አካል እንደ መሥሪያ ቤትዎ በግድግዳ የተከፋፈለ መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እኛ አላዋቂዎቹ፣ የተዋጠ መድኃኒት በደም አድርጎ እስከ ቆዳ ይደርሳል ሲሉን አምነን ነበር። እርስዎ ራስዎን ሲያምዎ ክኒኑን እንደ ባርኔጣ አናትዎ ላይ የሚያስቀምጡት መሆኑን አላወቅንምና ይቅርታ ያድርጉልን።

ሁለተኛ፣ ለደኅንነታችን መጨነቅዎ አንጀቴን በልቶታል። እንክብሉ የደም ቅባት ከፍ እንደሚያደርግና የታይሮይድ ዕጢን እንደሚያዳክም አስጠንቅቀውናል። እውነት ነው፤ ሐኪሙም ነግሮናል፣ ደሙን እየመረመረ ሊሰጠው ያሰበውም ለዚሁ ነው። ካንሰሩ ስለሚያደርሰው ጉዳት ግን አንድም ቃል አልወጣዎትም፤ ምናልባት እሱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ስለገባ የኮሚቴዎ ሥልጣን አይመለከተው ይሆናል።

ሦስተኛውን በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለቤቴ ሲያክ አድሮ ጠዋት ደም የነካውን አንሶላ የማጥበው እኔ ነኝ። ሰው እጁ ላይ የወጣውን አይቶ እንዳይሰቀቅበት ብሎ በጓንት ፀጉር መቁረጥ ጀመረ፤ ደንበኞቹ ግን ጓንቱን ሲያዩ የረሱት ጉዳይ ትዝ እያላቸው ይወጣሉ። ያ ሱቁን በሳቅ ይሞላ የነበረ ሰው ዛሬ መስታወቱን በፎጣ ሸፍኖ ብቻውን ይቀመጣል። እፈራለሁ። ንፍፊቱ እያደገ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ያቀረብነውን አቤቱታ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ እያንከባለሉት ነው። እንደናቅሁዎ ልደብቅዎ አልፈልግም፤ የናቅሁዎ ስላላወቁ አይደለም፣ የሚያውቀውን ሰው ሐኪሙን አንድ ጊዜ እንኳ ጠርተው ስላልጠየቁት ነው።

ፍሬ ያጣውን ቅባት ጠዋትና ማታ በታዛዥነት እየቀባሁ፣ ብዕርዎ በስህተትም ቢሆን እንክብሉን ፈቅዶ እንዲያስደንቀኝ የምጠብቅ፣

እጅ ነሺዎ፣
የፀጉር አስተካካዩ ሚስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ኮሚቴዎ ፊት ቀርቦ የተቀመጠባት ወንበር፣ እሱ ገና ደረጃውን ሳይወርድ በእርስዎ ትእዛዝ ተጎትታ ወደ ኮሪደር ስትወጣ አይቻለሁ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ሐኪሙ ጽፎልዎት ነበር። ቅባት ይበቃዋል ብለው የፈረሙበት በሽታ ይህን ያህል ካስፈራዎ፣ ወንበሯን ያንኑ ቅባት ይቀቧትና ወደ ቦታዋ ይመልሷት። ካልሆነም ለእኛ ይላኩልን፤ ባለቤቴ ቆሞ መሥራት አቅቶታል።