የቦራ ልባብ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9
ከዓባይ ማዶ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር... የሐይቁ ዳር ሣር ደርቋል። ሥራዬ ያው የላም ግሳት መለካት ነው። እማዬ ለጎረቤት "ቤተ ሙከራ ነው የምትሠራ" እያለች ታልፈዋለች። ግሳት ማለት አሳፍሯት ነው!

ገበሬዋ የብርጓል ላሟን፣ ቦራን፣ ለልኬት ልትሰጠኝ ተስማማች። ጎበዝ ገበሬ! መሬቷን ከግጦሽ ከከለለች ወዲህ ሣሩ ሥር ሰዷል፣ አፈሩ ጠቁሯል። ሣሩ ከአየር የሚስበው ካርቦን እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራል። ለቦራም አጭዳ ታበላታለች። ሜዳ የሚግጡትን ለክቻለሁ፤ ታጭዶላት የምትበላ ላምስ ከግሳቷ የሚወጣው ጋዝ፣ ሚቴኗ፣ ይቀንስ ይሆን? ቦራን ካጣሁ ጥናቴ ገደል ገባ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11
ጉድ! የብርጓል ሐሳቧን ቀየረች። ላሟ ራስ ላይ የሚጠልቀውን የመለኪያ ልባብ የነፍስ አባቷ መምሬ ጥዑመ ልሳን ዐዩት። "የከብት አፍ ማሰር በመጽሐፍ ተከልክሏል" አሏት። ኧረ አያስርም! አፍንጫዋ ጋ ቱቦ፣ አንገቷ ላይ ግሳቱን የሚያጠራቅም ጣሳ... በቃ። ማን ይስማኝ? በንዴት አለቀስሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12
የዛሬውን ለማንም አልናገር! መምሬ ደጅ ሄጄ ልባቡን ራሴ ላይ አጠለቅሁት። "መምሬ፣ እንደማያስር ይዩ" ብዬ ቆሎ ላነሣ ስል...
"ተይ አንቺ ልጅ! ጾም አይደለም እንዴ? ሰዓቱ ይድረስ።"
ወይ ጣጣ! ልባቡን ሳላወልቅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደጃቸው ካለው ዋርካ ሥር ቁጭ። መንገደኛው ሁሉ "ምን ነካት?" አህያ እንኳ ቆሞ ዐየኝ። ሰዓቱ ሲደርስ ቆሎዬን ቆረጣጠምሁት። መምሬ ሳቁ... ሳቁ... በነጠላቸው እንባቸውን ጠረጉ። ወሬ ሰምታ ወደመጣችው ባለላም ዞሩ።
"የብርጓል፣ ስጪያት ላሚቱን።"
እልልል!

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16
ቦራ ልባቧን አጥልቃ ስትበላ ዋለች። አገሳች። የኔ እመቤት!

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20
ውጤቱ መጣ! ቦራ ሜዳ ከሚግጡት ላሞች ያነሰ ሚቴን ነው ያወጣች። አንድ ላም ናት፣ መቸኮል የለም... ግን ደስታዬን የት ላድርገው?

ለየብርጓል ልነግራት ስሄድ መምሬ የራሳቸውን ላም እየጎተቱ መጡ።
"የእኔዋስ ከቦራ በምን አንሳ ነው? ከፋሲካ ወዲህ አጭጄ ነው የማበላት። ለኪያት።"
ልባቡን ይዤ ወደ ላሟ ስጠጋ ከለከሉኝ። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ኩባያ እርጎ አወጡ።
"አይሆንም። መጀመሪያ አንቺ። ዛሬ ጾም የለም።"
አጠለቅሁት። ጠጣሁ። ቱቦው እርጎ በእርጎ ሆነ፤ ላሟም ሳትለካ ቀረች። የብርጓል መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ቱቦውን ሳጥብ አመሸሁ። እንዲህ ስቄም አላውቅ።