ውስጡን የፋቅሁት የመዳብ ድስት

ጥቅምት 2፣ ሰኞ

በዚህ ከተማ እንደኔ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው የለም። እሺ... በዚህ ሰፈር። እሺ፣ በዚህ ግቢ፤ እሱም ጡረተኛው ፖስታ አመላላሽ መነጽሩ ሲጠፋበት። ቢሆንም ስምንት ወር ማታ ማታ ተምሬ ይኸው በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ቀለም ቀቢ ነኝ። ከዚያ በፊት እርሳስ የያዝኩት ጆሮዬ ላይ ለመሰካት ብቻ ነበር።

መምህሩ “በየቀኑ ውሏችሁን ጻፉ” ብለዋል። የአንዲት ሴትዮ ሳሎን ሁለተኛ ቀለም ደረብኩ። ምሳ ዳቦና ምስር። በቃ? ሙሉ ቀን ለፍቼ ውሎዬ ሁለት መስመር ነው ለካ!

ጥቅምት 5፣ ሐሙስ

ሳሎኗን የቀባሁላት ሴትዮ ቤት ልትለቅ ነው። “ለኔ ከበዱኝ፣ ውሰዳቸው” ብላ ሁለት ድስትና አንድ መጥበሻ ሰጠችኝ። መዳብ! ውጫቸው ቀይ፣ ውስጣቸው ነጭ፣ ከነመመሪያ ወረቀታቸው። ትከሻዬ ሊወልቅ... ግን ሰው ይይልኝ ብዬ መንገድ አዙሬ በገበያው መሃል ነው ያለፍኩት።

ባለቤቴ ለስፌት ቤቱ ሠራተኞች ምሳ ታበስላለች። አሥራ አራት ሰው፣ በየቀኑ። ድስቱን አገላብጣ አየችው።

“ወረቀቱ ምን ይላል?”

እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ክፍል ስቀመጥ እሷ ማታ ማታ ለነገ ምሳ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ጉሮሮዬን ጠርጌ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩላት፦ መዳብ ቶሎ ይግላል፣ ሙቀቱን እኩል ያዳርሳል፣ ከእሳት ሲወርድም ቶሎ ይበርዳል። አንድ ቃል አልሳትኩም። ሁለተኛው ገጽ ግን... ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ።

“ቀጥል እንጂ።”

“ከዚህ በኋላ ያው ነው። ከውስጥም ከውጭም ፈግፍጋችሁ አብሩት ይላል።”

“እንዲህ ብሎ ጽፏል?”

“ታዲያ ከየት አመጣዋለሁ?”

ከራሴ ነዋ። ግን የትኛው ድስት ነው መታጠብ የሚጠላው? ምን ክፋት አለው?

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ

ትልቁን ድስት ሠራሁት። ውስጡ ያለው ነጭ ነገር እዚህም እዚያም ተጫጭሯል። አሮጌ ቀለም መሆኑ ነው። አሮጌ ቀለም ሳይፋቅ ሥራ የለም፤ ይህ ሃያ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ነው። በሽቦ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ እስከ ምሳ ሰዓት። ውስጡም እንደ ውጩ ቀልቶ አበራ። ፊቴን አየሁበት። ቆንጆ ነኝ።

ባለቤቴ፦ “እጅህ ይባረክ።” በዓመት አንዴ የምትለው ቃል ነው። ጻፍኩት፣ ማስረጃ ይሁን።

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ

ከመዳብ ወዲያ ላሳር! ውሃ ጥደው ዞር ሳይሉ ይፈላል። ወተት ከሥሩ አያርም። ሩዙ ከዳር እስከ መሃል እኩል በሰለ። ባለቤቴ ግማሽ ሰዓት ተርፏት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በቀን ተቀምጣ አይቻት ስለማላውቅ ታማለች ብዬ ደነገጥኩ።

መጥፎ ጎኑስ? አለው። ባዶው ድስት ሲያነሱት ሰው የተቀመጠበት ይመስላል። እጀታው ይፋጃል። በሁለት ቀኑ ይጠቁራል፤ በሎሚና በጨው ማሸቱ እኔ ላይ ተጣለ። ደግሞ የግቢው ሰው ሁሉ “ምሁሩ፣ እስቲ ድስትህን እንየው” እያለ በር በሩን... ይሄኛው እንኳ መጥፎ አይደለም።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ

የቲማቲም ስጎ በትልቁ ድስት። ግማሹ ሳይበላ ተመለሰ። አንዱ ልብስ ሰፊ “ዛሬ የብረት ቁልፍ ስልስ የዋልኩ መሰለኝ” አለ አሉ።

“ምን አጎደልኩ?” አለችኝ።

“ምንም። ክር ሲነክስ የሚውል አፍ ምን ያውቃል?”

አልሳቀችም። እኔ ቀልጄ እሷ ያልሳቀችበት ቀን... አላስታውስም።

ጥቅምት 16፣ ሰኞ

ዛሬም ስጎ፣ ዛሬም ተመለሰ። ይባስ ብሎ ሁለት ሰው አስመለሳቸው። የስፌት ቤቱ ኃላፊ ራሷ መጣች።

“እህቴ፣ እጅሽን ስለምናውቅ ነው ዝም ያልነው። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ግን ሌላ አብሳይ እንፈልጋለን፤ እንዳትቀየሚኝ።”

“እሺ” ብቻ አለች ባለቤቴ። ሴትዮዋ ስትወጣ መዳፎቿን ገልብጣ አየች።

“እጄ ከዳኝ መሰለኝ።”

ቲማቲሙን ቀየረች። ዘይቱን ቀየረች። ውሃውን ሳይቀር ከሌላ ቤት አስቀዳች። ድስቱን ግን አልጠረጠረችውም። ለምን ትጠርጥረው? በወረቀት የተመሰከረለት ነው። መስካሪው ማን ሆነና!

ያ ሁለተኛው ገጽ ትዝ አለኝ። 

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ

ሁለተኛውን ገጽ ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ መስመር... ሻይ። አንድ መስመር... ሻይ። ከአራተኛው ሻይ በኋላ ከንባብ ይልቅ ወደ ጓሮ መመላለሱ በዛ።

ጥቅምት 18፣ ረቡዕ

ከሥራ መልስ ጨረስኩት። ምነው ባልጨረስኩ።

“ውስጡ ያለው ነጭ ሽፋን ምግቡ ከመዳቡ ጋር እንዳይነካካ የተቀባ ነው። በሽቦ አይፈግፈግ። ሽፋኑ ከለቀቀ ቲማቲም፣ ሎሚና ሌላም የሚኮመጥጥ ነገር አይበሰልበት፤ ሆድ ያውካል።”

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው የሚለው።

አሁን ምን ልበል? ድስቱ በራሱ ጊዜ ተላጠ? ብናገር በምሁሩ የግቢው ሰው አንድ ዓመት ይስቅበታል። ባልናገር ነገ ስጎ አለ፣ ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው። ደግሞ እሷ... ማንኪያ ባነሳች ቁጥር እጇን ታያለች። ይህን ሁሉ ሰው ያጠገበችበትን እጅ።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

ነገርኳት! ገና ጎህ ሲቀድ፣ ወጥ ቤቱ መሃል ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ዓይኗን እያየሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። “እጅሽ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው። ወረቀቱን አላነበብኩትም፣ ፈጠርኩት” አልኳት። እንባዋ ቅርር አለ። “አንተ ትልቅ ሰው ነህ” አለችኝ።

ስጎው በድሮው ብረት ድስት ተሠራ። ተጠርጎ ተበልቶ ባዶው መጣ።

ጥቅምት 20፣ ዓርብ

ኃላፊዋ መጣች። “ይኸው፣ እጅሽ ተመለሰ!”

ባለቤቴ፦ “የኔ እጅ የትም አልሄደም። የሌላ ሰው እጅ ነው ድስቴ ውስጥ የገባው።” ወደኔ ዞር አላለችም። እኔም ግድግዳውን አየሁ። ቀለም ያስፈልገዋል።

ምሳው ከእሷ ጋር ይቀጥላል። እፎይ!

ትልቁን ድስት መዳብ ሠሪው ሽማግሌ ዘንድ ወሰድኩት። ሽፋኑን መልሰው ይቀቡታል።

“ማን ነው እንዲህ ሙልጭ አድርጎ የፋቀው?”

“አንድ ሞኝ ነው፣ አባባ።”

“ሞኝስ ሞኝ ነው፤ እጁ ግን ጎበዝ ነው።”

እዚያው አፈርኩ፣ እዚያው ኮራሁ።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ

ድስቱ ውስጡ ነጭ ሆኖ ተመልሷል። ለሩዝና ለወተት ብቻ ነው። የእንጨት ጭልፋ እንጂ ሽቦ አጠገቡ አይደርስም። ሲያረጅ እንደገና ይቀባል፤ ከመዳብ ጋር መኖር እንደ አማት ነው፣ ያሞቃል ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይፈልጋል።

ማታ ማታ ሽንኩርት የምከትፈው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ናት፣ የፊተኛው ወንበር ላይ። መምህሩ መንገድ ላይ አግኝተውኝ “ካንተ ትፈጥናለች” አሉኝ። የጉንዳን ሰልፍ ሳይቀር ልታነብ ነው። ይህን ደብተርም... አይቀርልኝም።

ስለዚህ ከእኔ ትስማው። እዚህ ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ አንዱ ውሸት ነው። ጥቅምት 19 ቀን ምንም አልነገርኳትም። ዓይኗንም አላየሁም። ረቡዕ ምሽት ጥፋቴን በወረቀት ጽፌ የድስቱ ክዳን ላይ አስቀመጥኩና ብሩሽ ልዋስ ብዬ ወጣሁ። ማንበብ እንደማትችል እያወቅሁ! እሷ ደግሞ ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ መምህሩ ዘንድ። እሳቸው የቤት ሥራ መስሏቸው በሠላሳ ተማሪ ፊት ጮክ ብለው አነበቡት፣ በቀይ አረሙትም።

ስመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትጠብቀኛለች። “ትልቅ ሰው ነህ” አላለችኝም። ያለችኝ እንዲህ ነው፦

“መምህሩ ሦስት ስህተት አግኝተውብሃል። አራተኛውን እኔ አርምልሃለሁ። ቁጭ በል።”