የሰደቃህን ንፍሮ ካርፕ በላው

ይማም፣

መቃብር ውስጥ ላለ ሰው ሰላምታ ማቅረብ ሱና ነው ስለሚሉ አሰላሙ አለይኩም ብያለሁ። ከዚህ በኋላ ግን ከእኔ ሰላም አትጠብቅ። ከተለያየን አንድ ክረምት አልፎ ሌላው ሊገባ ነው፤ ደመናው በአምባሰል በኩል መከመር ጀምሯል። እስካሁን ዝም ያልኩህ ሰው ሁሉ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሲል ስለምሰማ ነው። እኔን ግን ያድርገኝ። በሕይወት እያለህ ልወቅስህ ስል ወይ እንግዳ ይመጣል፣ ወይ ራሴን አመመኝ ትላለህ፣ ወይ ደግሞ ያቺን አምባሰልህን ማንጎራጎር ትጀምርና ንዴቴን ታስረሳኛለህ። አሁን ማንጎራጎር የለም። አርፈህ ትሰማኛለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። በሩን አስጠገንኩት። አንተ «ነገ» እያልክ ስንት ዓመት ያቆየኸውን በር አናጢው ጠዋት መጥቶ ቁርስ ሳይደርስ ጨርሶት ሄደ። ጣሪያው በጓዳ በኩል አሁንም ያፈሳል። ነጯ ፍየል መንታ ወለደች። አንተ ብትኖር ወዲያው ስም ታወጣላቸው ነበር፤ እኔ አላወጣሁም። ልጃችን ሀያት ደሴ ሥራ አግኝታለች። በደወለች ቁጥር ስላንተ ታነሳና ታለቅሳለች፤ እኔ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ። እንባ ጠፍቶኝ አይደለም። ካለቀስኩ ንዴቴም አብሮ የሚወጣልኝ ይመስለኛል፤ እሱን ደግሞ ገና አልጠገብኩትም።

ሌላው ወሬ፣ ወደ ሐይቁ ተመልሻለሁ። ካርፕ አጠምዳለሁ። ሰምተሃል? እኔ፣ ሚስትህ፣ ሾላው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ።

ለምን እንደሚያናድደኝ ታውቃለህ፤ የማታውቅ መስለህ ስለኖርክ ግን ደግሜ ልንገርህ። አንተ የአምባሰል ሰው ነህ። ደጋ ላይ ተወልደህ ውሃ ማለት ከምንጭ በጀሪካን የሚቀዳ ነገር ብቻ የሚመስልህ ሰው ነበርክ። ስታገባኝ ክር ከመንጠቆ ጋር እንዴት እንደሚቋጠር አታውቅም ነበር። እኔ የአሳ አጥማጅ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ቆሮሶ ሲያወጣ አጠገቡ እየተቀመጥኩ ነው ያደግኩት። ቋጠሮውን ያሳየሁህ እኔ ነኝ። ጥላህ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ወደ ፀሐይ ዞረህ ተቀመጥ ያልኩህ እኔ ነኝ። ዝም በል እያልኩ ስለምንህ እያንጎራጎርክ አሳውን ታባርር ነበር። እውነት ለመናገር ያኔ አሳው ቢሸሽም አልከፋኝም፤ ድምፅህ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስለጻፍኩልህ ግን አትኩራ።

ከዚያ ካርፕ መጣ። ሐይቁ ውስጥ ያልነበረ አሳ፣ ከየት እንደገባ ሳይታወቅ፣ በየመረቡ መታየት ጀመረ። ልክ እንዳንተ ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ ባለቤት ሆነ። ወንዶቹ በትል ሲሞክሩት አምባዛው እየቀደመ ይውጥባቸዋል። ለካርፕ የተቀቀለ እህል እንደሚሻል ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከለቅሶ ቤት የተረፈች ንፍሮ በሻርፔ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩና አንዷን የበቆሎ ፍሬ መንጠቆው ላይ ሰካኋት። ያን ቀን የያዝኩትን ካርፕ ታስታውሰዋለህ። አንተ ሾላው ሥር ጋደም ብለህ ነበር፤ የተነሳኸው ጮኼ ስጠራህ ነው። ጓደኛህ ሰይድም አጠገብህ ነበር፤ እሱም በጩኸቴ ነቅቶ ሳወጣው ቆሞ አይቷል።

ከብዶኝ ስለነበር ተሸከምልኝ አልኩህ፤ ይህም የእኔ ሞኝነት ነው። ትከሻህ ላይ ጣልከውና ወደ ገበያ ቀደምከኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ስደርስ ሰው ከቦሃል። «ዛሬስ ቀናኝ!» ስትል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ።

ቀናኝ! «ቀናን» ብትል ምን ነበረበት? ፊደሏ እንኳ ያው አንድ ናት፤ ከ«ኝ» አናት ላይ ያቺን ቆብ ብታወርድላት «ን» ትሆን ነበር። ያቺን ቆብ ማውረድ አቃተህ። ሰይድም አጠገብህ ቆሞ ጫማውን ያያል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አገሩ ሁሉ «ይማም ካርፕ» ብሎ ጠራህ፤ አንተም አቤት አልክ። እኔ ደግሞ «የይማም ካርፕ ሚስት» ሆኜ ቀረሁ፤ አሳ ያገባሁ ይመስል።

ይህ ሳይበቃህ፣ በማግስቱ የማጥመጃ ሽመሌን ይዤ ስነሳ ሴት ዳር ከቆመች አሳው ይሸሻል አልከኝ። ትናንት ያልሸሸው ዛሬ ለምን ይሸሻል ብልህ፣ ማዶ ወዳለው ገዳም እየጠቆምክ እዚያስ ሴት የማይገባው በከንቱ መሰለሽ ብለህ ተከራከርከኝ። ጁምዓ የማታስተጓጉለው ሰውዬ፣ እኔን ለመከልከል ሲሆን የገዳም ጠበቃ ሆንክ! ገዳሙ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሐይቁን ግን ለወንድ ብቻ የሰጠ የለም። ይህን ያኔ ማለት ነበረብኝ። ሀያት ጡት ላይ ነበረች፣ አንተ ፊትህን አጥቁረሃል፣ ተውኩት። አንተ ስትይዝ እኔ ስጠብስ ዕድሜዬ አለቀ።

ልትሞት ስትል ደግሞ የመጨረሻዋን ጨመርክልኝ። የወንድምህ ልጅ ከጅዳ የላከልህን ያን ማሽን ያለው ማጥመጃ፣ ለማንም የማታስነካውን፣ ለሰይድ ይሁን አልክ። ይህን ስትል ራስህን ደግፌ ውሃ እያጠጣሁህ ነበር። ሰው ሁሉ ወዳጁን እንዴት ይወዳል ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

መስከረም ከጠባ በኋላ ከገበያ ስመለስ ሰይድን አየሁት። የእኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ ማሽን፣ ትል ሰክቶ ይወረውራል። ፀሐይዋን ጀርባውን ሰጥቷት ጥላው ውሃው ላይ ተጋድሟል። ደሜ ፈላ። እቤት ገብቼ ሽመል ፈለግኩ።

በባዶ እጄ እንደጀመርኩ እወቀው። የቀርከሃ ሽመል ጓሮ ነበረ። ክሩን የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ጠመጠምኩት። ክብደት እንዲሆነኝ ባጃጅ ነጂው ጎረቤታችን የጣለውን ካንዴላ አሰርኩበት። አሳው ሲነካ እንዲያስታውቀኝ የፍየሏን ቃጭል ፈትቼ ሽመሉ ጫፍ ላይ አንጠለጠልኩ። መንጠቆው ላይ ብቻ አልሰሰትኩም፤ ደህናውን ገዛሁ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ደግሞ ካንተ አሮጌ ሲሊፐር ቆርጬ ሠራሁት። ዘመድ ልብስህን ተከፋፍሎ ሲወስድ ማንም ያልፈለጋት ሰማያዊዋ ሲሊፐር ናት። ቢላዋውን ሳሳርፍባት ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም።

ሰይድ በማሽኑ ድንጋዩን ሲይዝ እኔ ከሱ ወዲህ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልያዝኩም። ካርፕ ከርሱን የሚያዳምጥ አሳ ነው፤ በየጊዜው የሚበላበትን ቦታ ካላለመድከው አይመጣም። ለማልመድ ደግሞ እህል ያስፈልጋል። ለራሴ የማልጠግበውን በቆሎ ቀቅዬ ውሃ ውስጥ ልበትን? ጥቂት ቀን ሞከርኩና እጄ አጠረ። ሰይድም በበኩሉ አምባዛ ትሉን ሲውጥበት ሰለቸውና መምጣት ተወ። ድንጋዬን አገኘሁ፣ የምበትነው ግን አጣሁ።

እንዲህ እያለሁ የሙት ዓመትህ ሰደቃ ደረሰ። ጎረቤት ሁሉ አዋጥቶ በቆሎ፣ ስንዴና ሽንብራ ተቀቀለ፤ ተበላ፣ ዱአ ተደረገ፣ ድስቱ ሥር ተረፈ። በማግስቱ የተረፈውን ይዤ ወረድኩ። በእፍኝ በእፍኝ ስበትን እትዬ ዘሀራ ከማሳዋ ስትመለስ አየችኝ። ቆማ ስታየኝ ቆየችና መሐረቧን ወደ ዓይኗ ሰደደች። ምን እንደመሰላት የገባኝ በሚቀጥለው ጁምዓ ነው። ንፍሮ በሳህን ይዛ እቤቴ መጣች። ለይማም ነፍስ ነው፣ አብረሽ ጣዪልኝ አለችኝ። ለካ ሐይቁ ያንተ መዋያ ስለነበር ሰደቃህን ለውሃው የምሰጥልህ መስሏታል! «እንዲህ የሚወድ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» ብላ ለሰፈሩ ነገረች።

ከዚያ በኋላ ጁምዓ በመጣ ቁጥር በሬ ላይ ንፍሮ ነው። አንዷ ስንዴ፣ ሌላዋ ባቄላ ታመጣለች፤ ጨው ነስንሰው፣ አጣፍጠው። ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ጨዉን አጥቤ ለካርፕ በተንኩት። አንተ በእኔ አሳ ስም አወጣህ፤ እኔ ባንተ ነፍስ አሳ ላልምድ አልኩ። ምን ይለኛል?

ካርፑም ለመደ። አንድ ረፋድ ላይ ቃጭሉ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ሲሊፐርህ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሄደና ሰመጠ። ሳብኩ፤ ሳበኝ። ጠርሙሱ ከእጄ ሊወጣ ሲል በጉልበቴ ያዝኩት፤ ክሩ መዳፌን ቆረጠው። እየለቀቅኩ እየሰበሰብኩ አደከምኩት። ከሽንኩርት ከረጢት የሰፋሁትን መረብ ከሥሩ አስገብቼ ሳወጣው ተንበርክኬ ነበር። ተከፍቶ ከሚዘጋ አፉ የሰው ንፍሮ ይፈሳል። ሳቅኩ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ፣ ካንተ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ራሴ ተሸክሜው ወደ ገበያ ወጣሁ። ይህን ጊዜ ማንንም ተሸከምልኝ አላልኩም። ሰው ከበበኝ፤ ሰይድም አለ፣ እትዬ ዘሀራም አለች። ሰይድ አሳውን ዳበሰና ዓይኑ እንባ ሞላ። «ይማም ነው የላከልሽ» አለኝ። እትዬ ዘሀራ ቀጠለች፤ «አላህ ሰደቃውን ተቀበለው ማለት ነው!» ገበያው ሁሉ አሚን አለ።

ይማም፣ አፈር ውስጥ ሆነህ፣ አፍ ሳይኖርህ፣ ሁለተኛውንም አሳዬን ወሰድክብኝ!

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አይደል የሚባለው? ዘንዶውን አወጣሁት። አሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ይህን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የፊተኛውንም የያዝኩት እኔ ነኝ አልኩ። እስከ መጨረሻው ተናገርኩት። ሁሉም ወደ ሰይድ ዞረ። ያው እንደልማዱ ጫማውን አየ። ከዚያ ግን ቀና አለ። «ወላሂ እውነቷን ነው» አለ። «እኔና ይማም ተኝተን ነበር። እሷ ናት ያወጣችው።» ያን ማሽን ሊመልስልኝም ፈለገ። አልፈልግም አልኩት፤ ቃጭሌ ይበቃኛል።

እትዬ ዘሀራ ነገሩ ዘግይቶ ገባት። ታዲያ ንፍሮው አለችኝ። ለአሳው ነበር አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ ምን እደብቃለሁ? የምትረግመኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አሰበች፣ አሰበችና፣ «አሳስ የአላህ ፍጥረት አይደል? የበላው በላ፤ አጅሩ የማን እንደሆነ እሱ ያውቃል» አለች። «ግን አንቺ ልጅ፣ ጨው አታድርጉበት ብትይን ምናለበት?» አሁንም ታመጣልኛለች፤ ያለ ጨው።

እንግዲህ ይኸው ነው። ይቅር ብዬሃለሁ እንድልህ እየጠበቅክ ከሆነ ትጠብቃለህ። ግን ሰዎቹ ባንተ ስም የሰጡኝን ነገር ብቻዬን መብላት አልፈልግም፤ እኔ እንዳንተ አይደለሁም። ስለዚህ በየጁምዓው የመጀመሪያዋን እፍኝ ያለ መንጠቆ እጥላታለሁ። እሷ ያንተ ናት። ስምህን ጠርቼ፣ ዱአ አድርጌ ነው የምጥላት። ከሷ በኋላ ያለው የእኔ ነው።

ረስታኛለች ብለህም አትስጋ። ብፈልግስ እንዴት እረሳሃለሁ? ውሃው ላይ የምትንሳፈፈው የሲሊፐርህ ቁራጭ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቅልም። ትንሽ ወዘወዝ ባለች ቁጥር ልቤ ይዘላል። አንዳንዴ ለአሳው ይሁን ላንተ አይለይልኝም። እሷ እስካለች፣ እኔም እስካለሁ፣ በክፉህም በደጉህም አስታውስሃለሁ፤ ድምፅህንም ጭምር።

አሁን ገበያ ስወጣ ሰው ቀናሽ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። «ቀናኝ» እላለሁ፤ ቆቧን ሳላወርድ። አንድ ቀን፣ ተናድጄ ስጨርስ፣ «ቀናን» እል ይሆናል። ገና ነኝ።