ስለ አምስተኛ ክፍል በርና ስለ ምስጋናው መጥረቢያ

ለክቡር አቶ ዘመነ
የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል ስል በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ለጉዳይ ደጋ ወጥቼ ቢሮዎ ብቅ ባልኩበት ዕለት፣ በመጋቢት እኩለ ቀን ካፖርት ደርበው፣ አንገትዎን በፎጣ ጠቅልለው ስላገኘሁዎት፣ ብርዱ ደረትዎን እንዳይጎዳው እስካሁን ስሰጋ ከርሜያለሁ። የሮብ ገበያ ልጅ ስለሆኑ፣ የጮቄን ውርጭ ችለው ያደጉ ሰው ስለሆኑ፣ አላህ ይህንንም ያሻግርዎታል ብዬ አምናለሁ።

እኔ አብዱልቃኒ እንድሪስ እባላለሁ። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በምትወርደው ግራር ሜዳ በምትባል መንደራችን ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ልጄ መርየም እዚያው አምስተኛ ክፍል ትማራለች። ይህን ደብዳቤ ማንም እንዲያነበው አድርጌ የምጽፈው፣ ጎረቤቴ ገበሬው ምስጋናው በጽሕፈት ቤትዎ ክስ ታስሮ ማክሰኞ ፍርድ ቤት ስለሚቀርብ፣ እኔም በእሱ ላይ እንድመሰክር ስለተጠራሁ፣ ምስክርነቴን አስቀድሜ በአደባባይ ልስጥ ብዬ ነው። ከዚያ በፊት ግን የምስጋና ዕዳዬን ላራግፍ።

አንደኛ፣ ስለ ቆርቆሮው እግዜር ይስጥልን። ልጆቻችን ቀድሞ የሚማሩት ነፋስ በሚገባበትና በሚወጣበት የሣር ዳስ ውስጥ ነበር። ዳሱ ለወረዳው ገጽታ አይመጥንም ተባለና ፈርሶ፣ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ተሠራልን፤ መስኮቶቹም ሌባ እንዳይገባባቸው ጠበብ ተደርገው፣ ከፍ ብለው፣ ብረት ተገጠመላቸው። በመጋቢት ከረፋድ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ላቡ ከጫማው ውስጥ ይቀዳል። እርስዎ ግን በምረቃው ቀን ሪባኑን በጠዋት ቆርጠው በጠዋት ስለተመለሱ ይህን ለማየት አልታደሉም።

ሁለተኛ፣ ለማመልከቻችን ስለሰጡን መልስ አመሰግናለሁ። እኛ ወላጆች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስበን፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሐሩሩ ሲከፋ ትምህርት ቤቱ ይዘጋልን፣ የባከነውን በሰኔ እናካክሳለን፣ ይህ ካልሆነ ደግሞ ልጆቹ በማለዳ ገብተው ፀሐይ ሳትጠነክር ይውጡ ብለን ነበር የለመንነው። እርስዎም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት መሆኑን አስታወሱን። በጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ሲታይ ሙቀቱ ከመጠን ያለፈ ባለመሆኑም ተማሪዎች በቂ ውሃ እየጠጡ እንዲማሩ አዘዙ። የትምህርት ቤቱ ቦኖ ከጥር ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልሰጠም። ቢሰጥስ ኖሮ ማን ይጠጣው ነበር፤ ዘንድሮ ሁዳዴውና ረመዳኑ በአንድ ወር ገጥመው የሁላችንም ልጆች ደረቅ ጉሮሮ ይዘው ነበር የሚውሉት። የእኔይቱም እንደ ትልቅ ሰው እጾማለሁ ብላ አስቸግራኝ የመጀመሪያ ጾሟን ይዛ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ጓጉንቸሩ። ተቆጣጣሪዎችዎ መጥተው መምህርቷ ልጆቹን ከዋርካው ጥላ ሥር ስታስተምር ስላገኟት፣ ከሁለተኛው ደወል በኋላ ክፍሉ ከውጭ እንዲቆለፍ አዘዙ። ርእሰ መምህራችን ጥንቁቅ ሰው ነው። ቁልፉ በስሙ ፈርሞ የተረከበው የመንግሥት ንብረት በመሆኑ ለዘበኛው እንኳ አሳልፎ አይሰጥም፤ እሱ በሄደበት ሁሉ ቁልፉም በኪሱ አብሮ ይሄዳል። እኛም ይህን እያወቅን ዝም አልን፤ ባለ ቁልፉ ስብሰባ ሄዷል ተብለን ከስንት ቢሮ በር ላይ ስንመለስ የኖርን ሰዎች ስለሆንን አዲስ ነገር መስሎ አልታየንም። ይዘጋልን ብለን ለመንን፤ እርስዎም ልጆቻችንን ከውስጥ አድርገው ዘጉልን።

አራተኛው ላይ ስደርስ የማመሰግንበት ነገር አጣሁ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ልተወውና የሐሙሱን ነገር እንደሆነው ልንገርዎ።

ያን ዕለት ርእሰ መምህሩ እርስዎ የጠሩትን ስብሰባ ሊካፈል ደጋ ወጥቶ ነበር፤ አጀንዳውም ስለ ተማሪዎች ከክፍል መቅረት እንደነበር ሰምቻለሁ። ስድስት ሰዓት ግድም መጀመሪያ የወደቀችው መርየም ናት። መምህርቷ በመስኮቱ ብረት ተንጠልጥላ ስትጮህ ልጆቹ ተደናግጠው በሩ ላይ ተከመሩ። አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ፣ እየተነካከሰ፣ ሳንቃውን በጥፍሩ እየቧጠጠ፣ የሚያስታውከው በሌላው ራስ ላይ እያስታወከ ነበር። ዘበኛው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ደወለ፤ ተሰብሳቢዎች ስልካቸውን እንዲያጠፉ ታዘው ስለነበር አልተገኘም።

ምስጋናው እንጨት ሊፈልጥ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በዚያ በኩል ሲያልፍ ነው ጩኸቱን ሰምቶ የሮጠው። ዘበኛው ቁልፍ ሳይኖር በር የሚነካ ሰው እንዳይኖር ታዝዣለሁ ብሎ በሩን ተደግፎ ቆመና በዱላው አናቱን በረቀሰው። ምስጋናውም ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ በመጥረቢያው እጀታ መንጋጋውን ብሎ ጣለው፤ ጥርሶቹ አፈር ላይ ተበተኑ። እኔ ከሱቅ ሮጬ የደረስኩት ያን ጊዜ ነው። ዘበኛው ሊነሳ ሲል ደረቱ ላይ ተቀምጬ፣ ጉሮሮውን አንቄ፣ እጄ እስኪዝል ፊቱን በቡጢ ደበደብኩት። በክሱ ላይ ስሜ ባለመጻፉ ክቡርነትዎን በጣም ታዝቤያለሁ።

ጓጉንቸሩ ቢመታ ቢመታ አልበገር አለ። ምስጋናው ወደ ኋላ ሽሹ እያለ እየጮኸ ሳንቃውን ይፈልጥ ጀመር፤ ከፊት ያሉት እንሽሽ ቢሉም ከኋላ ያሉት እየገፉ መላወሻ አሳጧቸው። የራሱ ልጅ ዜማ ትንሽ አየር አገኛለሁ ብላ አፏንና ቀኝ እጇን የሳንቃው ስንጥቅ ላይ ለጥፋ ነበር። መጥረቢያው ሳንቃውን በስቶ ሲገባ ሁለት ጣቶቿን ይዞ ገባ። አባትየው አላወቀም፤ ከውስጥ ጩኸቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበር መልሶ ሰነዘረ። በሩ ሲወድቅ ልጆቹ በላይዋ ላይ እየረገጡ ወጡ። እሱ ከሁሉም በታች አገኛትና ጣቶቿን መሬት ላይ በእንብርክኩ ሲፈልግ አየሁት።

መርየምን ዋርካው ሥር አጋድመን ጥርሷን ነክሳ እንቢ ስላለች መንጋጋዋን በማንኪያ ፈልቅቀን ውሃ አጠጣናት። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ጾሜ ፈረሰ ወይ ብላ ነው። በሕይወት አለች፤ አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝታለች።

ከዚያ የጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት መጣ። በዕለቱ በሙቀት የተጎዳ ተማሪ እንደሌለ፣ አንዲት ተማሪ በወላጅ አባቷ መጥረቢያ እንደተጎዳች፣ አንድ የመንግሥት በርም ከጥቅም ውጭ እንደሆነ ይገልጻል። አንድም ሐሰት የለበትም፤ ይህን የጻፈውን ብዕር የያዙት ጣቶች ሁሉም በቦታቸው በመሆናቸው ደስ ብሎኛል። ምስጋናውም ንብረት በማውደም፣ ዘበኛ በመደብደብና አካል በማጉደል ተከሷል። እስር ቤት ስንቅ ይዤለት ስሄድ ምግቡን አይነካም፤ ቀኝ እጁን እያገላበጠ ያያል። የሦስተኛውን ክስ ፍርድ እሱ ራሱ ስለፈረደ ዳኛውን ባያደክሙት መልካም ነው።

እንግዲህ ምስክርነቴ ይህ ነው። ማክሰኞ ቆሜ፣ አዎ የልጁን ጣቶች ሲቆርጥ አይቻለሁ እላለሁ። ያ መጥረቢያ ባይኖር ኖሮ ያን ቀን ከዚያ ክፍል የምናወጣው ሬሳ ነበር፣ የመጀመሪያውም የእኔ ልጅ ነበረች እላለሁ። ዘበኛውን ስደበድበው በዓይኔ ላይ የነበረው የእርስዎ ፊት እንደነበርም እጨምራለሁ። ክቡር ሆይ፣ በታላቅ አክብሮት እጠላዎታለሁ። ምድር ላይ እንደርስዎ የጠላሁት ሰው የለም፤ ይህን በጨዋ ቃል ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ ቢያዩ ያዝኑልኝ ነበር።

የምንለምንዎት ጥቂት ነው። ክሱን ያንሱ፤ ምስጋናውን ወደ ልጁ ይመልሱት፤ ሐሩሩ እስኪበርድ ትምህርት ቤቱን፣ ልጆቹ ቤታቸው እያሉ፣ ይዝጉት።

ካፖርትዎ ሳይሳሳ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ በረንዳዎ ሳይሞቅ ለብዙ ዘመን አላህ እንዲያኖርዎ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

አብዱልቃኒ እንድሪስ
ከግራር ሜዳ

ማስታወሻ፦ የላኩልን አዲስ በርና አዲስ ጓጉንቸር ደርሶናል፤ ተገጥሟልም። ርእሰ መምህሩ ግን ካሁን በኋላ ቁልፍ በስሜ አልረከብም ስላለ፣ ወላጆች ተሰብስበን ከዜማ እናት ከወይዘሮ ሥራነሽ ዘንድ እንዲቀመጥ ወስነናል። ክቡርነትዎም በሚመችዎት ቀን፣ ካፖርትዎን እንደለበሱ፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አምስተኛ ክፍል ገብተው አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲቀመጡልን በአክብሮት ጋብዘንዎታል። በመመሪያዎ መሠረት ከውጭ እንቆልፍልዎታለን። ወይዘሮ ሥራነሽ ምንም ስብሰባ እንደሌለባት ነግራናለች፤ ብቻ ቁልፉን ይዛ ይጁቤ ገበያ መውጣቷ አይቀርም።